የብሩሴላ መድኃኒት፦ አጭሩን ሕክምና ከረጅሙ እንዴት ታወዳድራላችሁ?

ባለፈው ዓመት አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ወደምሠራበት ፋርማሲ ማዘዣ ይዘው መጡ። ለብሩሴላ፣ ከእንስሳት ወደ ሰው ለሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ፣ ዶክሲሳይክሊን እና ሪፋምፒሲን የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ነው የታዘዘላቸው፣ ለስድስት ሳምንት። ባንኮኒው ላይ ደርድሬ ቆጠርኩላቸው። ዶክሲው 84 እንክብል፣ ሪፋምፒሲኑም 84።

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የኔ ነው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉና "በይ ለጊዜው የሦስት ሳምንቱን ስጪኝ፤ ካልተሻለኝ መጥቼ ቀሪውን እወስዳለሁ" አሉ። ሰጠኋቸው።

ተሻላቸው። ስለተሻላቸውም አልመጡም። ከሁለት ወር በኋላ ሲመጡ ግን ከመኪናው የወረዱት በረዳታቸው ተደግፈው ነው። ትኩሳቱ ተመልሷል፣ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፣ ወገባቸው ደግሞ አላስቀምጥ ብሏቸዋል።

ያን ቀን ቆጥሬ የሰጠኋቸው ግማሽ መድኃኒት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰጥቼ ዝም ማለት አልነበረብኝም። "ካልተሻለኝ እመለሳለሁ" የሚለው ሐሳብ ለብዙ በሽታ ያስኬዳል፤ ለብሩሴላ ግን አይሠራም። ምክንያቱም ብሩሴላ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቢዘገይ በሁለተኛው፣ ይሻላል። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ምግብ ይበላል፣ ሰውየው ሥራ ይገባል። ተህዋሲያኑ ግን ገና አላለቀም። ስለዚህ የሕክምናውን ርዝመት የምትለኩት ሲሻላችሁ በሚሰማችሁ ስሜት ከሆነ ሁልጊዜም አጭሩን ትመርጣላችሁ፣ ሁልጊዜም ትሳሳታላችሁ።

ብሩሴሎሲስ ማለት አርቢዎች የውርጃ በሽታ የሚሉት ነው፣ ላምና ፍየል ጽንስ የሚያስወርደው። ሳዑዲ የቆዩ ልጆች "ሁማ ማልጢያ" ሲሉ ትሰማላችሁ፣ የማልታ ትኩሳት ማለት ነው። ብሩሴላ የሚለው ስም የመጣው ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ማልታ ደሴት ላይ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ተህዋሲያኑን ስላገኘው ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን ለብዙ ዓመት አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1905 ዛሚት የሚባል የማልታ ሐኪም ፍየሎቹ ውስጥ አገኘው። ወታደሮቹ ጥሬ የፍየል ወተት ይጠጡ ነበር። የኛም ሹፌሮች መንገድ ዳር ቆመው የግመልና የፍየል ወተት ይጠጣሉ።

ወደ ቀኑ ቁጥር ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይህን የጻፍኩት ከሐኪማችሁ ጋር ስትነጋገሩ የሚባለው እንዲገባችሁ ነው እንጂ ያለ ማዘዣ መድኃኒት እንድትገዙ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፋቸው መጠኖች ለአዋቂ የተለመዱት ናቸው፤ የናንተን የሚወስነው የመረመራችሁ ሰው ነው።

ለምን ይህን ያህል ይረዝማል?

ሰውነታችን ውስጥ ተህዋሲያንን ውጠው የሚገድሉ ሕዋሶች አሉ። ብሩሴላን ይውጡታል፣ ግን አይሞትላቸውም። እዚያው ውስጣቸው ተቀምጦ ቀስ እያለ ይራባል። ሌባ ዘበኛው ቤት ተደበቀ እንደማለት ነው። ከዚያ በጣፊያ፣ በጉበት፣ በአጥንት መቅኔና በመገጣጠሚያ ይሰራጫል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ መሥራት አለበት፣ አንዱ ብቻውን ስለማይበቃም ሁለት ሆኖ ይታዘዛል፣ ተህዋሲያኑ ቀስ እያለ ስለሚራባም ሕክምናው ይረዝማል።

"አጭር" የተባለው የቱ ነው?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ጎረቤታሞች ታመው አንዱ "እኔ በሁለት ሳምንት መርፌ ጨረስኩ" ሲል ሌላው "እኔ ስድስት ሳምንት ክኒን ዋጥኩ" ይላል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ሕክምና አጭር ይመስላል። አይደለም። መርፌው በሁለት ሳምንት ያልቃል እንጂ አብሮት የታዘዘው ዶክሲሳይክሊን እስከ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል። መርፌ የጨረሰ ሰው ሕክምና የጨረሰ ይመስለውና ዶክሲውን መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል። ፋርማሲ መጥቶ "መርፌዬን ጨርሻለሁ፣ ጉልበት የሚሰጥ ቫይታሚን ስጪኝ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ዶክሲው የት እንደደረሰ ነው።

ስለዚህ ስታወዳድሩ ማዘዣውን በመድኃኒት ለያይታችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ ስንት ቀን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ምክር እስከ ዛሬ የብዙ ሐኪም መነሻ ነው። በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ለስድስት ሳምንት፣ ከሪፋምፒሲን ጋር፣ እሱም በቀን ከ600 እስከ 900 ሚሊ ግራም ለስድስት ሳምንት። ሁለተኛው ያንኑ ዶክሲ ለስድስት ሳምንት፣ ከስትሬፕቶማይሲን መርፌ ጋር፣ በቀን አንድ ግራም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት። ስትሬፕቶማይሲን በማይገኝበት ቦታ ጄንታማይሲን ይታዘዛል፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ተሰልቶ በቀን አንዴ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን።

አያችሁ፣ መርፌው 7 ቀን ሊሆን ይችላል፣ 21 ቀንም ሊሆን ይችላል። ዶክሲው ግን በሁሉም ላይ 42 ቀን ነው። ማሳጠር የሚቻለው መርፌውን ነው፤ ዶክሲውን ማንም አያሳጥርላችሁ።

ይህ የሐኪሞች ልማድ ብቻ አይደለም፣ ተፈትኗል። በሽተኞችን በዕጣ ከፍለው ያወዳደሩ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ ላይ ተሰብስበው ሲታዩ ሦስት ነገር ጎልቶ ወጣ። አንድ ወር ወይም ከዚያ በታች የታከሙት ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከታከሙት ይልቅ በሽታው ያልለቀቃቸው ወይም ያገረሸባቸው በዝተዋል። በአንድ መድኃኒት ብቻ የታከሙትም በሁለት ከታከሙት የባሰ ነበር ውጤታቸው። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ እኩል ስድስት ሳምንት ወስደውም ዶክሲን ከመርፌ ጋር የወሰዱት፣ ዶክሲን ከሪፋምፒሲን ጋር ከወሰዱት ያነሰ አገርሽቶባቸዋል። አንዱ ምክንያት ተብሎ የሚጠቀሰው ሪፋምፒሲን ጉበትን አነቃቅቶ ዶክሲው ቶሎ ከደም እንዲወጣ ማድረጉ ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው መርፌውን ለምን አይወስድም? መርፌው በየቀኑ ጤና ጣቢያ መሄድ ይጠይቃል። ከአዋሽ ጅቡቲ ለሚመላለስ ሹፌር፣ ወይም መንጋ ይዞ ውኃ ለሚከተል አርቢ ይህ ቀላል አይደለም። ሁለቱም መርፌዎች ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። ዕድሜው የገፋ ሰው ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይተወዋል። እኔ ብጠየቅ፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ ከሆነና ኩላሊቱ ደህና ከሆነ መርፌ ያለበትን እመርጣለሁ። መርፌውን በመሐል የምታቋርጡት ከሆነ ግን በአግባቡ የሚዋጠው ሪፋምፒሲን ይሻላችኋል። ይህን ኑሯችሁን አይታችሁ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። "በየቀኑ መምጣት አልችልም" ማለት ነውር የለውም።

አንድ ሌላ ግራ የሚያጋባ ቁጥር አለ፤ 21 ቀን። ላብራቶሪ ውስጥ ተህዋሲያኑ በድንገት ለነካቸው ባለሙያዎች፣ ገና ሳይታመሙ፣ ለመከላከያ ሦስት ሳምንት ዶክሲና ሪፋምፒሲን ይሰጣል። ያ መከላከያ ነው። የታመመ ሰው ሦስት ሳምንት ይበቃዋል ማለት አይደለም።

ስድስት ሳምንትም የማይበቃበት ጊዜ አለ

የኛ ሹፌር ወገብ ይህንን ነበር የሚናገረው። ብሩሴላ አከርካሪ አጥንት ውስጥ ከገባ ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር ነው። የልብ ቫልቭ ላይ ከሰፈረ ወራት ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናም ያስፈልጋል፤ በብሩሴላ የሚሞት ሰው በአብዛኛው የሚሞተው በዚህ ነው። አንጎልና ነርቭ ከነካም እንደዚሁ ለወራት፣ በደም ሥር ከሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን ጋር ነው።

ስለዚህ ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ሁሉንም ሕመማችሁን ዘርዝሩ። ወገብ ወይም ዳሌ ላይ የማይለቅ ሕመም አለ? ከባድ ራስ ምታት፣ የእግር መዛል? ትንፋሽ ያጥራል? ወንዶች ደግሞ የዘር ፍሬ እብጠትና ሕመም ካላችሁ እንዳታፍሩ። ብሩሴላ ያንንም ያደርጋል፣ ብዙ ሰው ግን በሐፍረት ሳይናገር ይወጣል።

ከሁሉም በላይ ቲቢን ሳታስመረምሩ እንዳትጀምሩ። የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የጀርባ ሕመም፤ ሁለቱ በሽታዎች እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ሪፋምፒሲን ደግሞ ዋናው የቲቢ መድኃኒት ነው። ቲቢ ያለበት ሰው ብሩሴላ ነው ተብሎ ሪፋምፒሲንን ያለ ሌሎቹ የቲቢ መድኃኒቶች ከወሰደ ለጊዜው የተሻለው ይመስላል፣ በኋላ ግን መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሌላው የአገራችን ጣጣ "ታይፎይድና ታይፈስ" ነው። ትኩሳት ሲኖር ሁለቱም አለብህ ተብሎ ሲፕሮ ለሰባት ቀን ይታዘዛል። ብሩሴላ ያለበት ሰው በሲፕሮ ትንሽ ቀለል ይለዋል፣ ከወር በኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ሲፕሮ። ሦስት ጊዜ እንዲህ የተመላለሰ ሰው ካለ፣ ጥሬ ወተት ይጠጣ እንደሆነ ወይም ከብት ሲያዋልድ እንግዴ ልጅ በባዶ እጁ ይነካ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገር። ካልተናገረ ብሩሴላ መኖሩን ማንም ላይጠረጥር ይችላል።

ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች የራሳቸው መንገድ አላቸው። ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ዶክሲ ለዚህን ያህል ጊዜ አይታዘዝም፣ ጥርስ ያበላሻል ተብሎ ስለሚፈራ። ኮትሪሞክሳዞል ከሪፋምፒሲን ጋር ለስድስት ሳምንት ይሰጣቸዋል። ነፍሰ ጡርም ዶክሲም ስትሬፕቶማይሲንም አይሰጣትም፤ ሐኪሟ በሪፋምፒሲን ላይ የተመሠረተ ሕክምና ይመርጥላታል። ሳትታከም መቅረት ግን የባሰ ነው፣ ውርጃ ያመጣል።

42 ቀንን እንዴት ትጨርሳላችሁ?

የኛ አቆጣጠር እዚህ ላይ ይረዳል። ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 42 ቀን ማለት አንድ ወር ከ12 ቀን ነው። ኅዳር 1፣ በልደታ፣ የጀመረ ታኅሣሥ 12፣ በሚካኤል፣ ማታ የመጨረሻውን ይውጣል። የመጨረሻዋን ቀን ገና ሲጀምሩ ካሌንደር ላይ አክብቡ። ጷጉሜን መሐል ከገባች ግን ቀኖቿን መቁጠር አትርሱ።

ገንዘቡ አንዴ ካልሞላ ክፍፍሉን በግልጽ አድርጉት። የሁለት ሳምንት ዶክሲ 28 እንክብል ነው፣ ሪፋምፒሲኑም እንክብሉ ባለ 300 ሚሊ ግራም ሆኖ በቀን 600 ከታዘዘ 28። ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀጣዩን ግዙ። "ካልተሻለኝ" ብላችሁ ሳይሆን ቀኑን ይዛችሁ። እኔ አሁን ከፍሎ ለሚገዛ ሰው የሚመለስበትን ቀን እሽጉ ላይ በእስክሪብቶ እጽፍለታለሁ፣ ስልኩን ከፈቀደልኝም ተቀብዬ እደውላለሁ።

የቀኑ ሥርዓት ይኼን ይመስላል። ጠዋት ስትነሱ ሪፋምፒሲን በባዶ ሆድ በውኃ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁርስ ስትበሉ ዶክሲ። ማታ ከእራት ጋር ሁለተኛው ዶክሲ። ዶክሲን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ዋጡት፣ ቁጭ ብላችሁ ወይም ቆማችሁ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ጋደም ሳትሉ። ጉሮሮ ላይ ከተጣበቀ ያቆስላል፣ ከዚያ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያቅታል። ሊተኙ ሲሉ በአንድ ጉንጭ ውኃ የዋጡ ሰዎች ናቸው በብዛት የሚጎዱት። ከወተት፣ ከጨጓራ ማስታገሻና ከአይረን ክኒን ጋርም አብራችሁ አትዋጡት፣ ሁለት ሦስት ሰዓት አራርቁት።

ጾመኛ ከሆናችሁ ዶክሲን በባዶ ሆድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመውም በዚህ ነው። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ረመዳን ላይ ደግሞ በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁት። ጠበል የምትጠመቁም መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ አታቋርጡ።

እንደ አዋሽ ባለ በረሃ ፀሐዩ ሌላ ነገር ነው። ዶክሲ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርገዋል። ሹፌሮች በመስኮቱ በኩል ያለው ክንዳቸው ሲቃጠል አይቻለሁ። እጅጌ ያለው ልብስና ኮፍያ ይኑራችሁ።

ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካናማ ያደርጋል። አትደንግጡ፣ ደም አይደለም። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ ግን ጉበት ነው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። መርፌ የምትወስዱም ጆሮ መጮህ ወይም ሚዛን መሳት ከጀመረ የዛሬውን መርፌ ሳትወጉ ንገሩ። ሌላው፣ ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ ክኒንንም በክንድ የሚቀበረውንም ያዳክማል፤ ባልና ሚስት ሌላ መከላከያ ይጨምሩ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መጠኑ መስተካከል ስላለበት አስቀድሞ ይናገር።

አንድ ጊዜ ከረሳችሁ ባስታወሳችሁበት ሰዓት ውሰዱ፤ ቀጣዩ ከደረሰ ግን የረሳችሁትን ዝለሉት፣ ሁለት አትደርቡ። ቀናት ካለፉ በራሳችሁ አትጀምሩ፣ አታቁሙም፤ ስንት ቀን እንደዘለላችሁ ለሐኪሙ ቁጥሩን ንገሩት።

ከጨረሳችሁ በኋላ

በአግባቡ ተወስዶም ቢሆን ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ያገረሻል፣ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ። ሲያገረሽ ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ተህዋሲያኑ መድኃኒቱን ስለተላመደ አይደለም፤ ያንኑ ሕክምና እንደገና በሥርዓት ወስደው ይድናሉ።

የደም ምርመራው ወረቀት ላይ አትጨነቁ። በደም ውስጥ ያለው የመከላከያ ምልክት ከዳናችሁ በኋላም ለወራት ሊቆይ ስለሚችል "አሁንም ፖዘቲቭ ነው" መባሉ ብቻውን አልዳናችሁም ማለት አይደለም። ትኩሳቱ፣ ላቡ፣ ሕመሙ መመለስ አለመመለሱ ነው የሚታየው። ወረቀቱን ብቻ አይተው ለሦስተኛ ዙር መድኃኒት የሚመጡ ሰዎች ያጋጥሙኛል፣ መጀመሪያ ሐኪም እንዲያያቸው ነው የምመልሳቸው።

ወተቱ ካልፈላ ግን ረጅሙም ሕክምና ከንቱ ነው። ያገረሸ የሚመስለው አንዳንዱ አዲስ የተያዘ ነው። ላም ይሁን ፍየል ይሁን ግመል፣ ወተቱ ገንፍሎ እስኪነሳ ይፍላ። ከአንድ ዕቃ የጠጡ ቤተሰቦች ውስጥ ትኩሳት ያለበት ካለ እሱም ይመርመር፤ አባት ብቻውን ታክሞ ልጆቹ በዚያው ወተት ሲታመሙ ያየሁበት ቤት አለ።

ሹፌሩ ጋሼ አከርካሪያቸው ተነስቶ ታየ፣ ሦስት ወር ታዘዘላቸው። በዚህኛው ዙር የሁለት ሳምንት የሁለት ሳምንት እያልን ነው የሰጠኋቸው። መኪናቸው ውስጥ ከመሪው በላይ የተለጠፈ የኪስ ካሌንደር አለ፣ የዋጡበትን ቀን በቀይ ይሰርዛሉ። አንዴ ሊያልቅባቸው ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከሚሌ ደውለው "ልጄ፣ ነገ ማታ እደርሳለሁ፣ ፋርማሲውን እንዳትዘጊ" አሉኝ። ሦስት ሰዓት ድረስ ከፍቼ ጠበቅኳቸው።